«ብላክ ሃውክ ዳውን» እና የሞቃዲሾው ውጊያ፦ ፊልሙ ምኑን በትክክል ያሳያል? ምኑንስ ይዘላል?

በእውነተኛ ወታደራዊ ግዳጅ ላይ ተመሥርተው ከተሠሩ ፊልሞች መካከል «ብላክ ሃውክ ዳውን»ን ያህል ከታሪኩ ጋር ተቀላቅሎ የቀረ ጥቂት ነው። የአሜሪካ ልዩ ኃይል በሶማሊያ ዋና ከተማ ስላደረገው የሞቃዲሾው ውጊያ የሚያወሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሳው ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት በ2001 ያቀረበውን ፊልም ነው፤ አቧራው፣ የሄሊኮፕተሩ አወዳደቅ፣ ወታደሮቹ በጠባቡ መንገድ የሚሮጡበት ሁኔታ በአእምሮው የተቀረጸው ከዚያ ነውና። ፊልሙም ይህን እምነት የሚያሰጥ ብዙ ነገር አለው። ጋዜጠኛው ማርክ ቦውደን የውጊያውን ተሳታፊዎች አነጋግሮና የሬዲዮ ልውውጦችን መርምሮ በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ግዳጁ ከተጀመረበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ማግስቱ ጠዋት ያለውን ጊዜ ከአብዛኞቹ የጦርነት ፊልሞች በተሻለ ጥንቃቄ ይከተላል። በእኔ ግምት ትልቁ ጉድለቱ ያለው በውጊያው ዝርዝር ውስጥ አይደለም፤ ታሪኩን ከየት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም በመረጠበት ቦታ ነው። ይህን ለመረዳት ግዳጁ ምን እንደነበረ፣ ለምን እንደተበላሸና ከእርሱ በፊት ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆኑ ሰዓቱ ግን እንደ አማርኛው አነጋገር ነው፤ ውጊያው የተጀመረበት ኦክቶበር 3 ቀን 1993 በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 23 ቀን 1986 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ከግዳጁ በፊት የነበረው

በጃንዋሪ 1991 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ሞቃዲሾን የያዘው የተባበሩት ሶማሌ ኮንግረስ ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንዱን ክንፍ አሊ ማህዲ መሐመድ፣ ሌላውን ጄኔራል መሐመድ ፋራህ አይዲድ ይመሩት ነበር። ሁለቱም ከሀዊዬ ጎሣ ናቸው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ከአብጋል፣ ሁለተኛው ከሀብር ጊድር ንዑስ ጎሣ ስለነበሩ ፉክክሩ የሥልጣን ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከኖቬምበር 1991 ጀምሮ ለወራት ከተማዋን በመድፍ ሲደባደቡ፣ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል እርሻ ቆመ፤ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች በየኬላው እየተዘረፉ፣ በ1992 የተነሣው ረሃብ እስከ 300 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ጨረሰ።

የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 1992 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት በአሜሪካ የሚመራ ወደ 37 ሺህ የሚጠጋ ኃይል ሶማሊያ ገባ። የዚህ ኃይል ሥራ ውስን ነበር፤ ወደቡንና መንገዱን አስከብሮ እህሉ ለተራበው ሕዝብ እንዲደርስ ማድረግ። ይህንንም በአመዛኙ ፈጽሟል። በሜይ 1993 ኃላፊነቱ ለተባበሩት መንግሥታት ሲተላለፍ ግን ሥራው በዓይነቱ ተለወጠ። አዲሱ ተልእኮ ታጣቂዎችን ትጥቅ ማስፈታትንና የፈረሰውን መንግሥት መልሶ ማቋቋምን ይጨምር ነበር፤ ይህን የሚሠራው ጦር ግን ከቀድሞው በቁጥርም በትጥቅም ያነሰ ነበር። በማርች 1993 አሥራ አምስት የሶማሊያ ቡድኖች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ትጥቅ ለመፍታት ተስማምተው ነበር። ይሁን እንጂ ማን አስቀድሞ ይፍታ፣ ማንስ ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

በጁን 5 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች የአይዲድን የጦር መሣሪያ ማከማቻዎች ለመመርመር ወጡ። ከማከማቻዎቹ አንዱ የሚገኘው የአይዲድ ልሳን በነበረው በሞቃዲሾ ሬዲዮ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነበርና፣ ጣቢያው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። በዚያ ቀን 24 የፓኪስታን ወታደሮች ተገደሉ። የጸጥታው ምክር ቤት በማግስቱ ተሰብስቦ ጥቃቱን የፈጸሙትና ያዘዙት ተይዘው ለፍርድ እንዲቀርቡ ወሰነ፤ በሶማሊያ የዋና ጸሐፊው ልዩ ተወካይ የነበሩት ጡረተኛው አሜሪካዊ አድሚራል ጆናታን ሃውም በአይዲድ ራስ ላይ 25 ሺህ ዶላር አስቀመጡ። እህል ሊያደርስ የመጣው ዓለም አቀፍ ጦር እንዲህ አድርጎ አንድን ሰው ወደ ማደን ገባ።

ቀጥሎ ያለው ቀን ፊልሙን ላየ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል። በጁላይ 12 ቀን 1993 የአሜሪካ ኮብራ ሄሊኮፕተሮች ሞቃዲሾ ውስጥ የአብዲ ቤት ተብሎ በሚታወቅ ሕንፃ ላይ ሚሳኤል አዘነቡ። በሕንፃው ውስጥ የሀብር ጊድር ሽማግሌዎችና ታላላቆች ለስብሰባ ተቀምጠው ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃውን የአይዲድ ማዘዣ ጣቢያ ነው ሲል፣ ከስብሰባው የተረፉት ግን የመጡት እርቅ ለመምከር እንደነበረ ተናግረዋል። ቀይ መስቀል 54 ሟቾችን ቆጥሯል፤ የአይዲድ ወገኖች ከ70 በላይ ናቸው ብለዋል። ጥቃቱን ሊዘግቡ ከደረሱ ጋዜጠኞች አራቱ በተቆጣው ሕዝብ እጅ ተገደሉ። ቦውደን ራሱ በመጽሐፉ ለዚህ ቀን ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ እስከዚያ ድረስ ለአይዲድ ብዙም ግድ ያልነበራቸው ሶማሌዎች ጭምር በአሜሪካኖች ላይ የተነሡት ከዚህ ጥቃት በኋላ መሆኑን ጽፏል።

ፊልሙ በመክፈቻው ላይ ዳራውን የሚያስረዳ ጽሑፍ ያሳያል። ጽሑፉ ረሃቡን ይነግረናል፣ የአይዲድን የእህል ዘረፋ ይነግረናል፣ የ24ቱን ፓኪስታናውያን ሞት ይነግረናል፤ ከዚያም በአንድ እርምጃ ከጁን ወደ ኦገስት መጨረሻ ይሻገርና የአሜሪካ ልዩ ኃይል መላኩን ያበስራል። ጁላይ የለም። በዚህ ምክንያት ተመልካቹ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፣ ሴቱም ሕፃኑም፣ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ተኩሱ ሲሮጥ ሲያይ የሚጨብጠው ምክንያት የለውም፤ ያለው አማራጭ ጭፍን ጥላቻ ነው ብሎ መገመት ነው። (በነገራችን ላይ፣ ከዚያ ጽሑፍ በፊት ለጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ለፕላቶን የተሰጠው ስለ ጦርነት ፍጻሜ የሚናገር አባባልም በፕላቶን ሥራዎች ውስጥ አይገኝም፤ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ጆርጅ ሳንታያና የጻፈው ነው።)

የጊዜው መሸጋሸግ በትዕይንቶቹም ይታያል። ፊልሙ ኦክቶበር 2 ቀን 1993 ብሎ በሚከፍተው ትዕይንት የተራበ ሕዝብ በእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ሲተኮስበት እናያለን፤ እንዲህ ያለው ሁኔታ ግን የ1992 መልክ ነው፤ በ1993 መጸው የረሃቡ የከፋ ደረጃ አልፎ ነበር። የአይዲድ ገንዘብ አቅራቢ የነበረው ኡስማን አቶ («አቶ» እዚህ ላይ የማዕረግ ቃል ሳይሆን ስሙ ነው) ደግሞ በፊልሙ በዚያው ዋዜማ ሲያዝ ይታያል፤ በእውነቱ የተያዘው በሴፕቴምበር 21 ነው። ኡስማን አቶ በኋላ ፊልሙን አይቶ፣ ሲጋር የሚያጨስና ጆሮ ጌጥ ያንጠለጠለ አስመስለው ማቅረባቸውን ለቢቢሲ በምሬት ተናግሯል።

የግዳጁ ዕቅድ

ልዩ ኃይሉ ወደ 440 የሚጠጋ ሰው ነበረው። ዴልታ የሚባለው የኮማንዶ ጓድ፣ የሬንጀር እግረኞችና የ160ኛው ልዩ የአቪዬሽን ሬጅመንት አብራሪዎች በሜጀር ጄኔራል ዊልያም ጋሪሰን ትእዛዝ ሥር በሞቃዲሾ አውሮፕላን ማረፊያ ሰፍረው ነበር። በኦገስት መጨረሻ ባደረጉት የመጀመሪያ ዘመቻ በስሕተት የያዙት የተባበሩት መንግሥታትን ሠራተኞች መሆኑ መሳለቂያ አድርጓቸው ነበር። ከኦክቶበር 3 በፊት በጠቅላላው ስድስት ዘመቻ አድርገዋል፤ አሠራሩም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር። ኮማንዶዎቹ ከትንንሽ ሄሊኮፕተሮች ወርደው ሕንፃውን ሰብረው ይገባሉ፤ ሬንጀሮቹ ከአራት ብላክ ሃውክ ሄሊኮፕተሮች በገመድ ተንሸራተው የሕንፃውን አራት ማዕዘን ይዘጋሉ፤ በመኪና የሚመጣው ቅፍለት ደግሞ ምርኮኞቹንና ወታደሮቹን አፍሶ ይመለሳል። አንድ ነገር ስድስት ጊዜ ፊት ለፊቱ ሲደጋገም ያየ ባላጋራ ሰባተኛውን ሊጠብቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በዚያ እሑድ የተሰጠው ግዳጅ በባካራ ገበያ አካባቢ ከኦሊምፒክ ሆቴል አጠገብ በሚገኝ ሕንፃ ውስጥ ይሰበሰባሉ የተባሉ ሁለት የአይዲድ ከፍተኛ ሹማምንትን መያዝ ነበር። አካባቢው የአይዲድ ደጋፊዎች ማእከል ነው፤ ሰዓቱም ጠራራ ፀሐይ። ልዩ ኃይሉ ጨለማን የሚመርጥ ቢሆንም ስብሰባው የሚደረገው በቀን ስለነበር አማራጭ አልነበረም። «አይሪን» የሚለው የማስጀመሪያ ቃል በሬዲዮ ተላልፎ፣ 19 አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች፣ 12 ተሽከርካሪዎችና 160 ያህል ሰዎች 9 ሰዓት ከ32 ላይ ተንቀሳቀሱ። ሁሉም ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይመለሳል ተብሎ ነበር። አንዳንዶቹ ወታደሮች የሌሊት መነጽራቸውንና የውኃ ኮዳቸውን ጥለው መሄዳቸውን ፊልሙ ያሳያል፤ ይህ ፈጠራ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፣ ሰዎቹን የመያዙ ሥራ የተሳካ መሆኑ ነው። ሁለቱ ሹማምንት ከሌሎች ጋር፣ በጠቅላላው 24 ሰዎች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተይዘው ወደ መኪኖቹ ሊጫኑ ተዘጋጅተው ነበር። በዚህ መካከል ከገመድ ላይ ከ20 ሜትር ገደማ የወደቀ አንድ ወጣት ሬንጀር ሐምቪ በሚባሉ ሦስት የጦር መኪኖች ወደ ጦር ሰፈር ተወሰደ፤ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሟች የወደቀውም በዚያ የመልስ ጉዞ ላይ ነው። ከዚያም 10 ሰዓት ከ20 ላይ በክሊፍ ዎልኮት የሚበረው፣ ሱፐር 61 የተባለው ብላክ ሃውክ በአርፒጂ ተመታ።

ለምን ተበላሸ?

አርፒጂ የታንክ መምቻ መሣሪያ ነው፤ ወደ ሰማይ እንዲተኮስ ተብሎ አልተሠራም። ሽቅብ ሲተኮስ ከቱቦው ኋላ የሚወጣው ነበልባል መሬት ነክቶ ስለሚመለስ ተኳሹን ራሱን ሊያቃጥለው ይችላል። ቦውደን እንደጻፈው፣ የአይዲድ ተዋጊዎች ከአፍጋኒስታን ጦርነት ልምድ ካመጡ ሰዎች መላውን ተምረው ነበር፤ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ነበልባሉን ወደዚያ መልቀቅ፣ በአየር ላይ እንዲፈነዳ ማቀጣጠያውን መቀየር፣ ዒላማውንም የሄሊኮፕተሩን የጅራት ማሽከርከሪያ ማድረግ። ጅራቱ የተመታ ሄሊኮፕተር በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ ይወድቃል፤ በፊልሙ የምናየው የሱፐር 61 አወዳደቅ ይህንኑ በትክክል ያሳያል። ይህ ከቶ ያልተጠበቀ ነገር ነበር ማለት ግን አይቻልም። በሴፕቴምበር 25፣ ማለትም ከስምንት ቀን በፊት፣ አንድ ብላክ ሃውክ በዚያው በሞቃዲሾ በአርፒጂ ተመትቶ ወድቆ ሦስት አሜሪካውያን ሞተውበት ነበር። ፊልሙ ይህን አያሳየውም።

ዕቅዱ አንድ ሄሊኮፕተር ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ አስቦበት ነበር። አሥራ አምስት ሰዎችን የያዘ አንድ የነፍስ አድን ብላክ ሃውክ በአየር ላይ ይጠባበቅ ስለነበር፣ ወዲያው ሰዎቹን በገመድ ወደ መጀመሪያው አደጋ ቦታ አወረደ፤ እርሱም እያወረደ ሳለ ተመትቶ፣ የመጨረሻው ሰው መሬት እስኪረግጥ ታግሦ፣ እየተንገዳገደ ወደ ሰፈር ተመለሰ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ 10 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በማይክል ዱራንት የሚበረው ሱፐር 64 ተመትቶ ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወድቅ ግን የሚላክ ሁለተኛ የነፍስ አድን ቡድን አልነበረም። የውጊያው ዕጣ የተወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሁለቱ የዴልታ ተኳሾች የጋሪ ጎርደንና የራንዲ ሹጋርት ታሪክ የሚገባውም ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው። ከሄሊኮፕተር ላይ ሆነው ሕዝቡና ታጣቂው ወደ ወደቀው ሄሊኮፕተር ሲጎርፍ ተመልክተው እንዲወርዱ ጠየቁ፤ ሁለት ጊዜ ተከለከሉ፤ በሦስተኛው ተፈቀደላቸው። ሁለቱም ሞቱ፤ ዱራንት ግን በሕይወት ተማርኮ ከ11 ቀን በኋላ ተለቀቀ። በ1994 ለሁለቱ የተሰጠው የክብር ሜዳልያ ከቪየትናም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ፊልሙ ይህን ክፍል ሳያጋንን አቅርቦታል፤ ማጋነንም አያስፈልገውም ነበር።

በሌተናል ኮሎኔል ዳኒ ማክናይት የሚመራው የመኪና ቅፍለት ወደ መጀመሪያው አደጋ ቦታ እንዲሄድ ታዘዘ፤ ርቀቱ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነበር። ይሁንና ፈጽሞ ሳይደርስበት ቀረ። ምክንያቱ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። ከተማውን ከላይ ሆኖ አጥርቶ የሚያየው የባሕር ኃይሉ ቃኚ አውሮፕላን ነበር፤ ይህ አውሮፕላን ግን ከማክናይት ጋር በቀጥታ መነጋገር አይችልም። ስለዚህ ያየውን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ላለው ማዘዣ ጣቢያ ይነግራል፤ ማዘዣ ጣቢያው በአየር ላይ ላለው የአዛዦች ሄሊኮፕተር ያስተላልፋል፤ ሄሊኮፕተሩ ደግሞ ለማክናይት ይነግረዋል። «ወደ ግራ ታጠፍ» የሚለው ቃል በዚህ ቅብብሎሽ አልፎ ሲደርስ መኪኖቹ መታጠፊያውን አልፈውታል። በዚያ ላይ የወደቁት ሄሊኮፕተሮች ሁለት ስለነበሩ ወደ የትኛው ነው የምንመራው የሚለው ተደበላለቀ። በየመስቀለኛው መንገድ ላይ የመጀመሪያው መኪና ቆም ባለ ቁጥር፣ ከኋላው ያለው ከግራና ከቀኝ በሚዘንብ ጥይት መካከል ይቆማል። ቅፍለቱ ከግማሽ በላይ ሰዎቹ ሞተውና ቆስለው ወደ ሰፈር ለመመለስ ተገደደ። ይህ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ አለ፤ የትእዛዙ መዘግየት፣ የማክናይት ንዴት፣ ከላይ ያሉት በስክሪን እያዩ ምንም ማድረግ አለመቻላቸው። ከተኩሱ ይልቅ ይህን ውጥንቅጥ ማሳየቱ ነው፣ እንደ እኔ ከሆነ፣ ፊልሙን ከእኩዮቹ ከፍ የሚያደርገው።

በመጀመሪያው አደጋ ቦታ ዙሪያ በየቤቱ የተከማቹት ዘጠና ያህል ወታደሮች ሌሊቱን እዚያው ለማሳለፍ የተገደዱት ሁለት ነገር ስላሰራቸው ነው። የቆሰሉት ብዙ ነበሩና ተሸክሞ መውጣት አይቻልም፤ የዎልኮት አስከሬን ደግሞ በተጨፈለቀው የአብራሪው ክፍል ውስጥ ተቀርቅሮ ነበርና፣ ጥለውት ላለመሄድ ወስነዋል።

ብረት ለበሶቹ

ፊልሙን ያዩ የማሌዥያና የፓኪስታን ሰዎች የተቆጡበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ ልዩ ኃይል ከተባበሩት መንግሥታት እዝ ውጭ የሚሠራ ስለነበር፣ ስለ ግዳጁ ለሌሎቹ ጦሮች አስቀድሞ አልነገረም። ከአሜሪካ 10ኛ የተራራ ክፍለ ጦር የተላከው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ለብቻው ሊያልፍ ሞክሮ በደፈጣ ተኩስ ሲመለስ፣ ታንክና ብረት ለበስ ያላቸውን መለመን ግድ ሆነ። እነርሱም የነበሯቸው ፓኪስታናውያንና ማሌዥያውያን ናቸው። ሳይዘጋጁ የተጠሩ፣ በሦስት ቋንቋ የሚነጋገሩ ጦሮች በካርታ ላይ ተስማምተው ለመነሣት ሰዓታት ወሰደባቸው። የማሌዥያ እግረኞች ከብረት ለበሶቻቸው ወርደው ለአሜሪካውያን ቦታ ለቀቁ፤ ሾፌሮቹና መትረየስ ተኳሾቹ ግን በቦታቸው ቀሩ። አራት የፓኪስታን ታንኮችና ከ20 በላይ የማሌዥያ ብረት ለበሶች ከምሽቱ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሥተው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የተከበቡት ዘንድ ደረሱ። አንድ ማሌዥያዊና አንድ ፓኪስታናዊ ወታደር በውጊያው ሞተዋል።

በፊልሙ እነዚህ ጦሮች ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ብቅ ይላሉ። የቀድሞው የፓኪስታን መሪ ፐርቬዝ ሙሻራፍ በትዝታ መጽሐፋቸው ውስጥ ይህን ጉዳይ አንሥተው ቅሬታቸውን ጽፈዋል። የመጨረሻው ሩጫም ተለውጧል። ሲነጋ ብረት ለበሶቹ በቁስለኛ ስለሞሉ የተወሰኑ ወታደሮች በእግራቸው መሮጣቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሮጡት ለጥቂት መንገዶች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሚጠብቋቸው ተሽከርካሪዎች ተጭነው የፓኪስታን ጦር ወደ ሰፈረበት ስታዲየም ሄደዋል። በፊልሙ ግን እስከ ስታዲየሙ በር በእግራቸው ይደርሳሉ።

እውነቱ እንዴት ወደ ፊልም ተቀየረ?

ከመጽሐፉ አንድ መቶ ያህል ባለታሪኮች በፊልሙ የቀሩት 39 ናቸው። ስለዚህ የበርካታ ሰዎች ሥራና ንግግር በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ተጠቃልሏል፤ ኤሪክ ባና የሚጫወተው የዴልታ ሳጅን ለዚህ ምሳሌ ነው። የራስ ቁራቸውን ያጠለቁ፣ አቧራ የለበሱ ወጣቶችን ተመልካቹ እንዳይምታቱበት ስኮት ስማቸውን በራስ ቁራቸው ላይ አጽፎላቸዋል፤ በዚያ ቀን የዘመቱት ወታደሮች እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልነበራቸውም። ፊልሙ የተቀረጸው በሞሮኮ፣ በራባትና በሳሌ ከተሞች ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ብላክ ሃውኮችን፣ ትንንሾቹን ሄሊኮፕተሮችና ከነሰዎቻቸው አብራሪዎችን ልኳል፤ ከአብራሪዎቹም መካከል በሞቃዲሾው ውጊያ የተሳተፉ ነበሩበት። በፊልሙ ውስጥ ሄሊኮፕተሮቹ እውነተኛ የሚመስሉት እውነተኛ ስለሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው እርዳታ ሁኔታ አለው። ሚኒስቴሩ መሣሪያና ሰው የሚሰጠው የፊልሙን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ ከተስማማ ነው። ይህ ማለት ፊልሙ በሚኒስቴሩ ተጻፈ ማለት አይደለም፤ ዋሽንግተን ብረት ለበስና ከባድ መሣሪያ የታጠቀ አውሮፕላን መከልከሏን ጄኔራል ጋሪሰን በፊልሙ ውስጥ ሲያማርሩ እንሰማለንና። (በትክክለኛው ታሪክ ታንኮቹን የጠየቁት በሶማሊያ የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ቶማስ ሞንትጎመሪ ነበሩ፤ ጥያቄውን ያልተቀበሉት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሌስ አስፒን ከውጊያው በኋላ በዲሴምበር መልቀቃቸውን አስታውቀዋል።) ነገር ግን ሄሊኮፕተሮቹን የሰጠ ተቋም የጁላይ 12ቱን የሄሊኮፕተር ጥቃት ከፊልሙ መጀመሪያ ላይ ማየት ይፈልጋል ብሎ የሚጠብቅ ያለ አይመስለኝም።

የሶማሌዎቹ ጉዳይ ከሁሉም ደካማው ነው። ዋና ዋናዎቹን የሶማሌ ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ሶማሌዎች አይደሉም። ቀጥ ብሎ የሚናገር ሶማሌ የምናገኘው በሁለት ትዕይንት ብቻ ነው፤ ኡስማን አቶ ከጋሪሰን ጋር፣ የዱራንት ጠባቂ ደግሞ ከዱራንት ጋር። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ፖለቲካ ነው፤ ስለ ቤታቸው ወይም ስለ ሞቱባቸው ሰዎች የሚናገር የለም። የሟቾቻቸው ቁጥርም እስከ ዛሬ ያከራክራል። የፊልሙ መዝጊያ ከ1,000 በላይ ሶማሌዎች ሞቱ ይላል፤ የአይዲድ ወገን በበኩሉ 315 ሞቱ፣ 812 ቆሰሉ ብሎ ነበር። የአሜሪካኖቹ ግን ስም በስም ይታወቃል፤ በውጊያው 18፣ በኦክቶበር 6 ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በወደቀ ሞርታር አንድ፤ ፊልሙ 19 የሚለው ሁለቱን ደምሮ ነው።

ከኦክቶበር 4 በኋላ

የመዝጊያው ጽሑፍም እንደ መክፈቻው ይዘላል። ልዩ ኃይሉ ከሶማሊያ መውጣቱን ከነገረን በኋላ ወደ ኦገስት 1996፣ ወደ አይዲድ ሞት ይሻገራል። በመካከል ያለው ጊዜ ግን ግዳጁ ምን እንዳስገኘ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በኦክቶበር 7 የአሜሪካ ጦር እስከ ማርች 31 ቀን 1994 ጠቅልሎ እንደሚወጣ አስታወቁ። የጸጥታው ምክር ቤት በኖቬምበር ባሳለፈው ውሳኔ አይዲድን የማደኑን ሥራ አስቆሞ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ አይዲድ ለእርቅ ድርድር ወደ አዲስ አበባ የተጓዙት በአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ተሳፍረው ነበር፤ ከሁለት ወር በፊት ሊይዛቸው ሲፈልግ የነበረው ያው ጦር ማለት ነው። ኡስማን አቶን ጨምሮ የመጨረሻዎቹ እስረኞች በጃንዋሪ 1994 ተለቀቁ። ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን ወደ ሰላም ማስከበር ለመግባት እጅግ ጠንቃቃ ሆነች፤ በኤፕሪል 1994 በሩዋንዳ እልቂቱ ሲጀመር ጣልቃ ላለመግባት ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ሞቃዲሾ ነበረች።

አይዲድ በተቀናቃኞቻቸው ተኩስ ቆስለው ከሞቱ በኋላ የተተኩት በልጃቸው በሁሴን ፋራህ ነው። ሁሴን አሜሪካ ያደገ የአሜሪካ ማሪን ተጠባባቂ ወታደር ሲሆን፣ በ1992 መጨረሻ እህሉን ለማስከበር ከገባው ጦር ጋር በአስተርጓሚነት ሞቃዲሾ ውስጥ አገልግሎ ነበር።